የጉድጓድ ቆፋሪው የሉዋን ሾውቶንግ ሕይወትና የእናታቸው ምንጭ

አቶ ሉዋን ሾውቶንግ ከአባታቸው ከአቶ ሉዋን ጂንግሄና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋን ዩጄን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1936 በቻይና በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በጂናን፣ በአሮጌው ቅጥር ውስጥ ተወለዱ። የደቡቡ ተራራ የጠጣው ዝናብ በመሬት ሆድ ተጉዞ ከተማው መሐል ሲፈልቅ፣ አንዱ ምንጭ የወጣው በእነሱ ግቢ ነበር። አባታቸው በዚያ ውሃ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ እየሠሩ ቤተሰብ አስተዳድረዋል። ጎረቤቱም ባልዲውን ይዞ ይመጣል፤ በሙቀት ወራት ሐብሐቡን ይነክርበታል።

አቶ ሉዋን የቁፋሮ ሙያ ተምረው በ1958 ከቅጥሩ በስተምዕራብ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ በሚገኝ የጥጥ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ፋብሪካው ክሩን ለማቅለምና አዳራሹን ለማቀዝቀዝ ብዙ ውሃ ይፈልግ ስለነበር ጥልቅ ጉድጓዶች ቆፈሩለት፤ ተሸለሙም። በ1961 ወይዘሮ ቹ ላንፊን አግብተው አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ ወልደዋል።

እናታቸው «አንተ ልጅ፣ ውሃዬን እየጠጣህብኝ ነው» ሲሏቸው፣ «እማዬ፣ እኛ የምንቆፍረው እኮ ምዕራብ ነው፤ ያንቺን ማን ነካብሽ?» ብለው ይስቁ ነበር። ከሥር ግን ዐለቱ አንድ ነበር፤ ውሃውም አንድ።

ምንጩ በ1970ዎቹ በድርቅ ወራት ይቋረጥ ጀመር፤ በ1982 ጭራሽ ቆመ። በ1986 ልጃቸው ሊያገባ ሲል ቤት ስለጠበበ፣ አቶ ሉዋን ምንጩን በፍርስራሽ ሞልተው፣ በሲሚንቶ ደፍነው ክፍል ሠሩበት። እናታቸው ጎረቤት እያየ ለመኗቸው።

«ሾውቶንግ፣ ውሃው ሄደ እንጂ አልሞተም። የሄደ ሰው ሲመለስ ቤቱን እንዲህ ያገኘዋል?»

«እማዬ፣ ይሄ ሙያዬ ነው። አይመለስም።»

ወይዘሮ ፋን በ1991 አረፉ።

ከዚያ በኋላ ከተማው የፋብሪካ ጉድጓዶችን ማስዘጋት ጀመረ፤ አቶ ሉዋንም ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የቆፈሯቸውን በእጃቸው ዘጉ። በመስከረም 2003፣ ከብዙ ዝናብ በኋላ፣ የከተማው ምንጮች ተመለሱ። የእሳቸው ግን መውጫ አጥቶ የክፍሉን ወለል አረጠበው። ወለሉን ሰበሩት፤ ፍርስራሹ ከሲሚንቶው ጋር አንድ ድንጋይ ሆኖ አልነቀል አለ። ውሃው ዞሮ በጎረቤታቸው በአቶ ጂ ግቢ ፈለቀ።

አቶ ጂ «ወንድም ሉዋን፣ ውሃህ ተሰዶ እኛ ጋ ገብቷል፤ የቤት ኪራይ ላስከፍለው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አቶ ሉዋን አብረው ይስቃሉ። ባልዲ ይዘው ግን አንድም ቀን አልሄዱም፤ እስከ መጨረሻው የቧንቧ ውሃ ጠጡ።

በሳንባ ሕመም በተኙበት ወቅት፣ ምንጩን የደፈኑት እሳቸው መሆናቸው በስንብታቸው ላይ እንዲነበብ አዘዙ። ልጃቸው ሹሚን «አባዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር በእንዲህ ያለ ቀን አይነበብም» ስትላቸው፣ «እናቴ የለመነችኝ ሰው ፊት ነው፤ እምቢ ያልኳትም ሰው ፊት። መልሷንም ሰው ፊት ታግኝ» አሏት።

አቶ ሉዋን የካቲት 11 ቀን 2019 በተወለዱ በ82 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ነፍሳቸው እናታቸው ካሉበት በሰላም ትድረስ።

እንዳዘዙትም በጎረቤቶቻቸው ፊት ይነገራል፦ ወይዘሮ ፋን ዩጄን ልክ ነበሩ። ውሃው ተመልሷል።