ደረጀ የገደላት ኮከብ

ሐርጌሳ፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ደረጀ ለአዘጋጁ «እሷ ከሐሜት ሌላ ምን ታውቃለች?» ብሎ የመጽሔት ገጼን ከወሰደብኝ ወር ሆነው። ዛሬ ጠዋት ጋአን ሊባህ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «እታለም፣ እስቲ እዪልኝ» ብሎ ጽሑፉን ሰጠኝ። በኢንፍራሬድ፣ ማለትም በማይታየው የሙቀት ጨረር፣ የሚያይ የሕዋ ቴሌስኮፕ ያነሳትን፣ ከአቧራ መሃል ግራና ቀኝ ጋዝ የምታስፈነጥረውን ኮከብ «የምትሞት ኮከብ የመጨረሻ ትንፋሽ» ብሏታል። ኧረ ገና መወለዷ ነው! ቴሌስኮፑ አቧራውን አልፎ ያየው ጨቅላዋን ነው። እኔ ግን «ግሩም ነው፤ አንድ ፊደል እንዳትነካ» አልኩት። አገር ይሳቅበት!

ምሳዬን በደስታ በላሁ። አሁን ደወለ። «ስምሽን ከስሜ ጎን አስገባሁት፤ እንታረቅ ብዬ ነው።»

ማተሚያ ቤቱ አሥር ሰዓት ላይ ይጀምራል። ስልኩን እንደያዝኩ ነኝ። ብነግረው እኔ እድናለሁ፤ ግን እሱም ይድናል።