ስለ መድኃኒት ቤቱ ፍሪጅና ስለ አባቴ እግር

ለተከበሩ የሰፈራችን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው ስብሰባ ሲያስልዎት ስለነበር እናቴ እስካሁን ትጨነቃለች። ሽሮፑን ከየት እንዳስመጡት አልጠይቅም፤ ብቻ እንኳን ተሻለዎት። እኔ የቁልፍ ሠሪው ሁለተኛ ልጅ ነኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል በጽሑፍ መድፈሬን ይቅር ይበሉኝ።

አስቀድሜ ላመስግን። ባለመድኃኒት ቤቱና ሚስቱ የእኛን እምነት ተከታዮች ከሥልጣን አስወግዳለሁ የሚለውን ፓርቲ ፖስተር በመስታወት በራቸው ላይ ለጥፈው፣ ከሥሩም ይህ የፈጣሪ ፈቃድ ነው ብለው በእጃቸው ሲጽፉበት፣ ዝም እንዳንል ያደረጉን እርስዎ ነዎት። ፖስተሩ እኔንም አንገብግቦኛል። አባቴማ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ቁልፍ ሲሞርድ ስለሚውል ቀኑን ሙሉ ያነበው ነበር። ማንም ደጃቸውን እንዳይረግጥ ሲወሰን መጀመሪያ እጁን ያነሣው እሱ ነው። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

፩. በውሳኔው ላይ ስለ ፍሪጁ አንድም ቃል አልሰፈረም። እርስዎ ቤት ፍሪጅ ስላለ ባያውቁ አይፈረድብዎትም፤ የሌለን አራት ቤቶች ግን ኢንሱሊናችንን የምናስቀምጠው እዚያው መድኃኒት ቤት ነበር። ሴትየዋ በየብልቃጡ ላይ ፕላስተር ለጥፋ የባለቤቱን ስም ትጽፍበታለች፤ አባቴም በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ገብቶ ከመጋረጃው ጀርባ ይወጋ ነበር። ፖስተሩን ከለጠፈች በኋላም ብልቃጡን የምትሰጠው በሁለት እጇ ነበር፤ ይህን ነገር እስከ ዛሬ አስቤ አልጨረስኩትም። በውሳኔው ማግስት አባቴ ብልቃጦቹን በኪሱ ይዞ መጣ። እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ባልዲ ውስጥ አኖረቻቸው። ቤታችን ቆርቆሮ ነው፤ ወሩም የሙቀት ወር ነበር። በሙቀት የተበላሸ ኢንሱሊን አይሸትም፣ መልኩም አይለወጥም። አባቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ውኃ ሲወጋ ከረመ።

፪. የሚገባውን ሰው ስም እንዲመዘግቡ መድኃኒት ቤቱ ደጅ ላይ አግዳሚ ዘርግተው ያስቀመጧቸው ሁለት ሽማግሌዎች ሥራቸውን በትጋት ስለፈጸሙ ምስጋና ይገባቸዋል። አንድ ቀን ሴትየዋ መንገድ ላይ አስቁማኝ፣ አባትሽ በጓሮ በር ይምጣ፣ የፍሪጁን ቦታ ለማንም አልሰጠሁበትም አለችኝ። ለአባቴ ብነግረው፣ ሌባ ነኝ እንዴ በጓሮ የምገባው ብሎ ያን ሰሞን የወጣበትን የእግር ጣቱን ቁስል በካልሲ ሸፈነ። እኔም ብልቃጦቹን ይዤ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ነበር። መጀመሪያ አግዳሚውን ሳይ ከጥጉ ተመለስኩ። በሁለተኛው አንዱ ሽማግሌ ቀና ብለው፣ አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ይህኛው ጥፋት የእኔ ነው፤ በኮሚቴው ላይ አልደርበውም።

፫. እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል።

አባቴ ሰኞ ከሆስፒታል ይወጣል። አዲሶቹ ብልቃጦች ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጡ ለቀረውም እግሩ እንደሚያሰጋ ሐኪሙ ነግሮናል። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብልቃጦቹን ይዤ በዋናው በር እገባለሁ። ፖስተሩ አልተነሣም፤ እያነበብኩት፣ እየተናደድኩም እገባለሁ። ሽማግሌዎቹ ስሜን እንዳይሳሳቱ ራሴ እጽፍላቸዋለሁ። በየጠዋቱ ስለምመላለስ አንድ ሙሉ ገጽ እንዲተዉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ላደረጉልን ሁሉ፣ አራት ሆነን በሰባት እግራችን ቆመን፣ ከወገባችን ዝቅ ብለን እጅ እንነሣለን።

አክባሪዎ፣
የቁልፍ ሠሪው ሁለተኛ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው ሆስፒታል ድረስ መጥቶ አባቴን ስለጠየቀልን እናመሰግናለን። ያመጣችሁለት ስድስት ጠርሙስ የማንጎ ጭማቂ እንደታሸገ አልጋው ሥር አለ። በሽታው ስኳር መሆኑን እስካሁን የነገራችሁ ከሌለ፣ ይኸው እኔ ነገርኳችሁ።