የሰውን ተራ ያስከበሩት አቶ እጅጉ ክንፈሚካኤል (1941–2006 ዓ.ም.)

አቶ እጅጉ ክንፈሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ክንፈሚካኤል ዘለቀ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ካሰች ውበቱ፣ ከጅጋ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ሲሆኑ፣ ከታላቅ ወንድማቸው ከአቶ ክንዱ ጋር አንድ ጋቢ ለብሰው፣ በአንድ አጎዛ ተኝተው ያደጉ ናቸው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በጅጋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በፍኖተ ሰላም ተከታትለው በ1962 ዓ.ም. ቡሬ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በ1970 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሀብትነሽ አድማሱ ጋር ጋብቻ መሥርተው ቴዎድሮስን እና አይናለምን ወለዱ።

በ1985 ዓ.ም. ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛውረው የፐርሶኔል ኃላፊ ሆኑ። ክፍት የሥራ ቦታ ሲኖር ማስታወቂያውን በገዛ እጃቸው በር ላይ ይለጥፉ ነበር። ከበላይ ኃላፊዎች የሚቀጠር ሰው ስም በስልክ ሲነገራቸው በትሕትና ሰምተው «ይምጣ፣ ከሌሎቹ ጋር ይፈተን» ይሉ ነበር። በዚህም የደረጃ ዕድገት ሲያልፋቸው ኖሯል። የሠራተኛ ምሥጢር እቤታቸው አይነገርም ነበር። ማን እንደተቀጣ ወ/ሮ ሀብትነሽ ከገበያ ሰምተው ሲጠይቋቸው «አንቺ ከገበያ የምታመጪው በርበሬ ብቻ ይሁን» ይሏቸው ነበር።

በ1990 ዓ.ም. የአቶ ክንዱ ልጅ ገነነ በመሥሪያ ቤቱ ለወጣ ሥራ አመለከተ። አቶ እጅጉ ዝምድናቸውን ለኃላፊያቸው አስታውቀው ከፈታኝ ኮሚቴው ወጡ። ገነነ ፈተናውን አላለፈም። በዚያው ወር በ12፣ እርሳቸውም በየዓመቱ በኅዳር ተራቸውን በሚደግሱበት የቅዱስ ሚካኤል የጽዋ ማኅበር ላይ፣ ሙሴ ሆነው ማኅበሩን የሚመሩት አቶ ክንዱ በሰው ፊት «ለወንድምህ ልጅ ያልሆነ ወንበር ለማን ሊሆን ነው?» አሏቸው። እርሳቸውም «ወንበሩ የእኔ ቢሆን ቆሜ እሱን አስቀምጠው ነበር» ብለው መለሱ። ማኅበርተኛው ሳቀ፤ አቶ ክንዱ ግን አልሳቁም። ሌሎችም በጽዋው መካከል ስለ ልጆቻቸው አደራ ማለት ሲጀምሩ፣ አቶ እጅጉ «አብሬው የጠጣሁትን ሰው ልጅ ስፈትን ዘመድ የሌለው ምን ይለኛል? ጡረታ እስክወጣ ይቅር በሉኝ» ብለው ከማኅበሩ ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ የሰርጉም የክርስትናውም ጥሪ እየሳሳ ሄደ። ወ/ሮ ሀብትነሽ በ1997 ዓ.ም. ዐርፈው ልጆቻቸውም ለትምህርትና ለሥራ ከራቁ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። አቶ እጅጉ ግን በየወሩ በ12 ዳቦ አስጋግረው፣ ጠላ አስጠምቀው፣ በሩን ከፍተው ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር። ሲመሽ ዳቦውን ለነዳያን ይልኩታል። በ2001 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። እርሳቸው ማኅበርተኞቹ እስኪጠሯቸው ጠበቁ፤ ማኅበርተኞቹም እርሳቸው እስኪመጡ ጠበቁ። እንዲሁ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው መስከረም በጉበት ሕመም ታመው በፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆዩ። በጥቅምት መጨረሻ አቶ ክንዱ መጥተው ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጡ። ሊሄዱ ሲነሡ «እጅጉ፣ የኅዳር ተራህን ለማንም አልሰጠሁም። በየዓመቱ እኔው ባንተ ስም ስደግስ ኖሬአለሁ» አሏቸው። አቶ እጅጉም «የዘንድሮውን ራሴ እደግሳለሁ» አሉና ስንዴው እንዲፈጭ ልጃቸውን አይናለምን አዘዙ።

ሆኖም ሕመሙ ጸንቶባቸው ኅዳር 9 ቀን 2006 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። የሁለት ልጆች አባትና የአንድ የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። ወንድማቸው አቶ ክንዱም ዛሬ ከሬሣው ፊት ቆመዋል።

ከነገ ወዲያ፣ በኅዳር ሚካኤል፣ ማኅበርተኞቹ ጽዋውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይመጣሉ። ስንዴው ተፈጭቷል፤ ዳቦውን አይናለም ትጋግራለች። ተራው የእርሳቸው ነው።

ለሰው ፊት የማያዳላ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጉባኤ ይቀላቅልልን፤ ብቻቸውን ከተቀመጡበት ቤትም ብዙዎች ወዳሉበት ማረፊያ ያግባቸው። አሜን።