በጉዳተኞች መዝገብ ላይ ሳሉ ያረፉት አምበላችን

የኮልተር ፎልስ እንጨት ቆራጮች የበረዶ ሆኪ ክለብ ደጋፊዎች ማኅበር፣ የክለቡ አምበልና ተከላካይ አርማን ጉሌ ባለፈው ቅዳሜ በ37 ዓመታቸው በልብ ሕመም በድንገት ማረፋቸውን ለአባላቱና ለከተማው ሕዝብ የሚያስታውቀው አንገቱን ደፍቶ ነው። ወሬው ከየዶናት ቤቱ ቀድሞን እንደደረሳችሁ እናውቃለን፤ ቢሆንም እውነቱ ከእኛው አፍ ይሰማ።

አርማን ከወረቀት ፋብሪካ ሠራተኛ ቤተሰብ ተወልደው እ.ኤ.አ. በ2011 ክለባችንን ተቀላቀሉ። አንድ ጊዜ ትልቅ ክለብ ጠርቷቸው በሳምንቱ ተመልሰዋል። «እዚያ ስሜን በትክክል የሚጠራ ሰው ጠፋ» ብለው ይቀልዱ እንጂ ነገሩ እንደቆጫቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮሌት ያውቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ለዋንጫ ያበቃንን ግብ በተሰበረ ጣት አስቆጠሩ። እሑድ እሑድ ሕፃናቱን ያሠለጥኑ ነበር፤ ተንበርክከው የጫማ ማሰሪያ ያስሩላቸው ነበር።

ባለፈው መስከረም ነገሩ መጣ። የሊጉ ደንብ አንድ ክለብ ብዙ ዘመን የተጫወቱ ነባሮችን ከአራት በላይ እንዳያሰልፍ ይከለክላል፤ እኛ ጋ አምስት ነበሩ። ሊቀነስ የታሰበው ዳሪል ማኪ ነበር፤ ሚስቱ መንታ የተገላገለችው በዚያው ሰሞን ነው። ታዲያ በጉዳተኞች መዝገብ ላይ ያለ ተጫዋች ከቁጥር አይገባም። አርማን ይህን ሲሰሙ ጉልበቴን አሞኛል ብለው መዝገቡ ላይ ሰፈሩ፤ ዳሪልም ሳይቀነስ ቀረ።

ጉልበታቸው ምንም እንዳልሆነ ክለቡም፣ እኛም፣ ከተማውም ያውቃል። የሊጉ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር እያነከሱ ሲያልፉ፣ ተመልካቹ ሳቁን በጓንቱ ያፍን ነበር።

«አምበሌ፣ ዛሬ የትኛው ነው? ቀኙ ነው ግራው?» ይሏቸዋል።

«ሰውዬው በተቀመጠበት በኩል ያለው ነዋ» ይላሉ እሳቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ ጨዋታው ሊጀመር ሲል አርማን መልበሻ ክፍል ገብተው ደረቴን ከብዶኛል፣ ክንዴም ደንዝዟል አሉ። የዕቃ ኃላፊው ስታን ኮዋልቹክ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ስለት ይሞርድ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም።

«ጉልበትህ እዚያ ድረስ ወጣ እንዴ? በል አቆየው፣ ተቆጣጣሪው ዛሬ የለም» አላቸው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የክለቡ ሐኪም በሩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ እሳቸውም ሳቁ። አርማን ራሳቸው ሳቁ። ከዚያ ትንሽ አየር ልውሰድ ብለው ወጡ። በጨዋታው ሁለተኛ ዕረፍት ላይ መኪናቸው ውስጥ፣ ሞተሩ እንደበራ፣ ሞተው ተገኙ።

ስታንን በየመንገዱ የምትሰድቡ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉት። ቀልዱ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ በረዶው ከገባ ጀምሮ ሁላችንም ስንስቅበት የከረምን ነው።

ሰኞ ከሊጉ ጽሕፈት ቤት ስልክ ተደወለልን። ሐዘናቸውን ከገለጹልን በኋላ፣ በነባሮች ቁጥር ረገድ ክለቡ ከእንግዲህ ሥጋት እንደሌለበት ጨመሩበት። አራት ብቻ ቀርተዋልና።

ማኅበሩ ለወይዘሮ ኮሌት፣ ለልጆቻቸውና ለቡድን ጓዶቻቸው መጽናናትን ይመኛል። ይህን ልንላቸው ቤታቸው ስንሄድ ግን ወይዘሮዋ በር ላይ ቆመው፣ «አርማን መዋሸት አይችልበትም ነበር። እናንተ አስተማራችሁት፤ እውነቱን ሲናገር ደግሞ የሚያምነው አሳጣችሁት» አሉን።

ቀብሩ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ጨዋታ አለ። ዳሪል ማኪ አልጫወትም ብሎ ነበር፤ ነገር ግን የቤቱ እንጀራ ያው ደመወዝ ነውና ይሰለፋል። ሜዳ ሲገባ ማንም እንዳይጮህበት ማኅበሩ አጥብቆ ይለምናል። እንዳታጨበጭቡለትም። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።