ጫፉ ያልታሰረው የአበባ ጉንጉን

ሂሎ ከተማ፣ ዓርብ፣ የበዓሉ ቀን። ጠዋት ሠላሳ የአበባ ጉንጉን ለሽያጭ ይዤ ወጣሁ፤ ሳይረፍድ አራት ብቻ ቀሩኝ።

ኬአላ ልጄ፣ አምላክ በዚያ ብርድ አገር ሙቀት ይሁንሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጀልባውን ቀለም ቀብቶ ጨረሰ፤ ጉልበቱን ግን አሁንም ያመዋል።

የፓርኩ በዓል እንዳምናው በነጻ ነበር። መግቢያ ያልከፈለ ሰው ለአበባ ስለማይሰስት በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ካፊያው ሲያባራ ከሣሩ እንፋሎት ተነሣ። የአገራችንን ውዝዋዜ፣ ሁላን፣ የሚጨፍሩት ልጆች እግራቸው ተሸፍኖ በደመና ላይ የሚንሳፈፉ መሰሉኝ። አንቺንም በመካከላቸው ያየሁሽ መሰለኝ።

ያን ጊዜ ጓደኛሽ ኖሄያ መጣች።

«አክስቴ፣ በፖስታ የምልከው ጉንጉን ሥሪልኝ። ሁለቱን ጫፎች ግን አንድ ላይ እንዳታስሪያቸው።»

«እንዲህ የሚሠራውማ ለነፍሰ ጡር ነው፤ እትብቱ ሕፃኑ አንገት ላይ እንዳይጠመጠም። ማን ናት እሷ?»

«አክስቴ ደግሞ! አበባ ሻጭ ነሽ ወይስ ፖሊስ?» ብላ ፊቷን አዞረች።

ጫፎቹን ሳላስር ሠራሁት። ሂሳብ ስትሰጠኝ አልቀበልም አልኩ፤ «እኔው እልከዋለሁ» አልኳት። በነጻ የምሰጥ ሴት እንዳልሆንኩ ስለምታውቅ፣ ነገሩ እንደገባኝ ገባት።

አልጠይቅሽም። ሲሻሽ በራስሽ አፍ ንገሪኝ። ብቻ ከባድ ነገር አታንሺ፣ ምሳሽንም አትዝለይ። አምላክ አንቺንም፣ አብሮሽ ያለውንም ይጠብቅ።

ነገ ፖስታ ቤቱ እንደተከፈተ ጉንጉኑን በእርጥብ ቅጠል ጠቅልዬ እልክልሻለሁ።