በመጽሐፍሽ ውስጥ ስለሞትኩት ሞት

ይህን ደብዳቤ የሚጽፈው እጅ የምራቴ የታኦ ነው፤ ቃሉ ግን ከላይ እስከ ታች የእኔ የቼ ፒል-ዶ ነው። አስቀድሜ የማስነግርሽ የፊደሉን ማማር አይተሽ «ወንድሜ በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ትምህርት ቤት ገባ እንዴ» ብለሽ እንዳትደነግጪ ነው። ታኦ ከቬትናም ስትመጣ የእኛን ፊደል አንዱንም አታውቅም ነበር፤ አሁን የግብርና ቢሮውን ማስታወቂያ እንኳ እሷ ናት የምታነብልን። እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አርጅቼ አንዱንም አላውቅም። አላፍርበትም። ነጭ ሽንኩርት ፊደል ቁጠር ብሎ አያውቅም።

ለምወድሽ ለታናሽ እህቴ ለማል-ሱን፤ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስወጣ ይንቋቋብኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይ? የሴኡል አቧራ ጉሮሮሽን ተወት አደረገው? ባልሽ፣ አማቼ ጉ፣ ደህና ነው? ጨው ተው የተባለውን ሰማ፣ ወይስ ዛሬም አንቺ ዞር ስትዪ ድስት ከፍቶ ይቀምሳል? እኔ ከወገቤና ከናፍቆትሽ በቀር አንድም የሚያመኝ የለም። ነጭ ሽንኩርቱ ተነቅሎ ጣራ ሥር ተሰቅሏል፤ ዘንድሮ የሕፃን ጡጫ ያክላል። ልጄ ግዋንግ-ሆ የዓሣው ወቅት ስለሆነ ከባሕር አይወጣም። የልጅ ልጄ ትንሿ ቦ-ራ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ እኔን ትመስላለች ይላሉ፤ ልጅቷ ግን ትሰደባለች እንጂ አትመሰገንበትም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ለታኦ ደውለሽ «ወንድሜ በመጽሐፉ ክፉኛ ተቆጥቷል ሲሉ ሰማሁ፤ ለእናታችን መታሰቢያ አልመጣም፤ የጀመርኩትንም ሁለተኛ መጽሐፍ መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆልፌበታለሁ» ብለሻል። ተቆጥቻለሁ፤ ማን ዋሸሽ። ግን የተቆጣሁት አንቺ በመሰለሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ቁጭ በይና ከሥሩ ስሚኝ።

ገበያ በሚውልበት ቀን የመጽሐፍ መኪና ወደ መንደራችን ይመጣል። ታኦ ቋንቋዋን ላሻሽል ብላ ትዋሳለች፤ ከእራት በኋላ ነጭ ሽንኩርቱን እየጎነጎንን ጮክ ብላ ታነባለች። እኔ እስከዚያ ድረስ መጽሐፍ ማለት ወይ ስለ ተባይ መድኃኒት ወይ ስለ ጥንት ነገሥታት የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ያልተወለደ ሰው ያልሆነ ነገር ሲያደርግ ቁጭ ብሎ ይህን ሁሉ ገጽ የሚጽፍ ጤነኛ ሰው ይኖራል ብዬ እንዴት ላስብ? «ይሄ የሆነ ነገር ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «አልሆነም አባባ፣ ልቦለድ ነው» አለችኝ። «ታዲያ ውሸት ነዋ!» አልኳት። «ውሸታምማ ሲያዝ ይክዳል፤ እነዚህ ግን ልቦለድ ነው ብለው ሽፋኑ ላይ ይጽፉበታል» አለችኝ። «እንግዲያው አንብቢ» አልኳት። እኔ በነገር ተረትቼ፣ ያውም በምራቴ፣ አስቢው።

አንድ ቀን የመኪናው ሹፌር «አዲስ ነው፣ ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለሱ ነው» ብሎ አንድ መጽሐፍ ሰጣት። ገና ስትጀምረው አንድ ሽማግሌ ጎህ ሲቀድ ማሳው ጫፍ ላይ ቆሞ ነጭ ሽንኩርቱን ይሳደባል፤ «እናንተ ሰነፎች፣ የጎረቤት ሽንኩርት ትከሻችሁ ላይ እስኪወጣ ትተኛላችሁ?» ይላል። «አቁሚ፣ ይሄ ሰውዬ እኔ ነኝ» አልኳት። ሳቀች፤ «አባባ ደግሞ! ሽንኩርቱን የሚሳደብ በአገሩ እርስዎ ብቻ ነዎት?» አለችኝ። ቀጥላ ስታነብ የሰውዬው ግራ ጆሮ ጫፉ የለም። ማን ቆረጠው? አሳማ፤ ልክ የእኔን እንደቆረጠው። ታኦ መሳቋን ተወች፤ መጽሐፉን ገልብጣ የጀርባውን ፎቶ አሳየችኝ። የአባታችን አፍንጫ ከነግርማው አንቺ ፊት ላይ ተቀምጧል። ስሙ ግን ቼ ሃ-ዮን ይላል። ማል-ሱን የሚለው ስም ምን አደረገሽ? አባታችን ማል-ሱን፣ «የመጨረሻዋ»፣ ብሎ የሰየመሽ ሴት ልጅ በቃኝ ለማለት ነበር፤ ይኸው ካንቺ በኋላ አንድም ሴት አልተወለደችም። እንዲህ ሥራውን የሠራ ስም ይጣላል?

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። በማግስቱ ለመንደሩ ሊቀመንበር ለኖ እህቴ መጽሐፍ ጻፈች፣ ያውም ስለ እኔ ብዬ ነገርኩት። ኖን ታውቂዋለሽ፤ የመንደሩን ድምፅ ማጉያ ከሚስቱ አብልጦ የሚወድ ሰው ነው። ሴቶቹ መጋዘን ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ሲለቅሙ እንዳይሰለቻቸው ብሎ በየቀኑ በማጉያው ያነብላቸው ጀመር። ሰዉ ሁሉ ራሱን ፍለጋ ገባ። የሊቀመንበሩ ሚስት ተበሳጭታ ወደ እኔ መጣች፤ ስሜን አጠፋች ልትለኝ መስሎኝ ነበር። «ስንት ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ ኖረን አንድ መስመር ትንፈገኝ? እኔ ምን ጎድሎኝ ነው የማልጻፍ?» ብላ አፈጠጠችብኝ።

ችግሩ ኖ ያለው ድምፅ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ጉንፋን መጣ ሲልም፣ ፍቅር ያዛት ብሎ ሲያነብም፣ ያው የማስታወቂያ ድምፁ ነው። ደግሞም በመጽሐፉ ያለው ሽማግሌ ሌላ ስም ቢኖረውም «ማን እንደሆነ ሁላችን እናውቅ የለም እንዴ? ምላሴን ለምን አደክማለሁ?» ብሎ በዚያ ስም ፈንታ ፒል-ዶ እያለ ያነብ ነበር። ሰውዬው የሚሞትበት ምዕራፍ ሲደርስ እኔ ከታኦ ጋር ከተማ ጥርሴን ላስነቅል ሄጄ ነበር። ኖ ማጉያውን መታ መታ አድርጎ «የሶልጌ መንደሩ ሽማግሌ፣ ጆሮ ጎዶሎው ፒል-ዶ፣ ዛሬ ጠዋት ከኮክ ዛፍ ወድቀው አረፉ» ብሎ አነበበ። የዚያን ቀን ነፋሱ ወደ ባሕሩ ማዶ ነበር የሚነፍሰው።

ማዶ ያለው ጃንግ ዱ-ማን ነው፤ ቤቱ እዚያ ቢሆንም ማሳው ከእኔ ማሳ ጋር ይዋሰናል። በመስኖው ውኃ ተጣልተን አንዳችን ያንዳችንን ጥላ እንኳ እንደማንረግጥ ታውቂያለሽ። ዱ-ማን ሰምቶ ጥቁር ልብሱን ለበሰ፣ የሶጁ አረቄውን በካርቶን ተሸከመ፣ በጀልባው ተሻግሮ እያለቀሰ በመጋዘኑ በር አለፈ። ሴቶቹ የሚነበበው መጽሐፍ መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ። ግን ዱ-ማን ሲያለቅስ ሲያዩ «ውይ! ጥርስ ነቃዩ ገደለው!» ብለው ብድግ አሉ። ኖም ሴቶቹ ሲጮኹ ሰምቶ መጽሐፉን ዘጋና ሞቴን አሁን ደግሞ እንደ እውነተኛ መርዶ አስታወቀ። ወዲያው ትልቁ ድስት ተጣደ፤ ቀዩ የለቅሶ የሥጋ ሾርባ መንተክተክ ጀመረ።

እኔ አፌ በጥጥ ተጠቅጥቆ፣ ጉንጬ እንደ ዱባ አብጦ ስደርስ ግቢዬ ጫማ በጫማ ሆኗል። ማን ሞተብኝ ብዬ ሰዉን እየገፋሁ አለፍኩ። ወደ ውስጥ ስጠጋ ዱ-ማን ጀርባውን ሰጥቶኝ ለሰው ያወራል፤ «ክፉ ሰው ነበር። እልኸኛ፣ አፉ እሬት፣ ሰላምታ እንኳ የሚቆጥብ። ውኃውን ግን በተራው ነበር የሚለቀው፤ ይሄን መካድ አይቻልም» ይላል። ሰማሽ ማል-ሱን? በተራው ነበር የሚለቀው! ይህን ቃል ከዚያ ሰው አፍ ለመስማት መሞት ነበረብኝ። «ድገመው!» ልለው ብሞክር ጥጡ ይዞኝ «እምምም» ብቻ ሆነ። ዞር ብሎ አየኝና ሶጁውን ለቀቀው። ነፍሱ ስትመለስለት ደግሞ «አንተ! ለምን አልሞትክም? መረቤን ከባሕር አውጥቼ ነው እኮ የመጣሁት!» ብሎ ጮኸብኝ። ሾርባው እንዳይባክን ሁላችን ተቀምጠን በላን። እኔ በዚያ በሌለ ጥርሴ መረቁን ጠጣሁ፤ ጨው አንሶታል፤ ለዋናው ቀን እንዲያስተካክሉ ነግሬያቸዋለሁ።

እንግዲህ የተቆጣሁት ከዚህ በኋላ ነው። በመሞቴ አይደለም። ሰው ይሞታል፣ በመጽሐፍም በአልጋም። የተቆጣሁት በኮኩ ነው! አባታችን ግቢ ውስጥ የኮክ ዛፍ? ኮክ ያለበትን ደጅ የሙታን ነፍስ አልፋ እንደማትገባ እናታችን ስንት ጊዜ ነግራን የለም? ለመታሰቢያ ገበታ እንኳ የማይቀርበውን ፍሬ አንቺ አምጥተሽ እደጃፋችን ገተርሽው። ከተማ ገብታ ወግ ልማዷን ረሳች፣ የማታውቀውን ትጽፋለች እያልኩ ያገኘሁትን ሁሉ ስጮህበት ሰነበትኩ። ያንን ነው ሰው ወስዶ የነገረሽ።

ስጮህ የሰለቻት ታኦ አንድ ቀን መጽሐፉን ይዛ መጣችና «አባባ፣ ሊቀመንበሩ የዘለሉት ገጽ አለ» አለችኝ። ኖን ብጠይቀው አልካደም፤ «ምንም የማይሆንበት ገጽ ነው፣ አንዲት ልጅና አንድ ፍሬ ብቻ፤ ሴቶቹ እንዳያንቀላፉ ብዬ አለፍኩት» አለኝ። ታኦ አነበበችልኝ። ትንሿ ልጅ የበላችውን ኮክ ፍሬውን አጥሩ ሥር ትቀብራለች። ችግኙ ይወጣል። ወንድምዬው ዶማ ይዞ ይመጣል፣ በላዩ ይቆማል፣ ልጅቷን ያያል፣ ዶማውን ትከሻው ላይ መልሶ ይሄዳል። ዛፉ ያድጋል። በስተርጅና የእናታቸው መታሰቢያ ሲቃረብ እናቱ መግባት እንድትችል በበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ ብቻ ልቁረጥ ብሎ ይወጣል። ዛፉን ከሥሩ ለመቁረጥ አንጀቱ አልቻለም። የወደቀው ያን ጊዜ ነው።

ማል-ሱን፣ ያ ችግኝ ትዝ ይለኛል። ቅጠሉ ገና ጣት አያክልም ነበር። እኔ ነቀልኩት። አንቺ ሩዝ አልበላም ብለሽ አጥሩ ሥር ተኮራምተሽ አመሸሽ። ይቅርታ እየጠየቅሁሽ አይደለም፤ ዛሬም ቢበቅል እነቅለዋለሁ፤ እናቴ በሯ ላይ ቆማ አትቀርም። ግን ይህን ሁሉ ዘመን ያንን የተነቀለ ነገር ይዘሽው ኖረሽ፣ ግቢው የከለከለሽን መጽሐፍ ላይ ተከልሽው። «ይሄስ ምን ይባላል?» ብዬ ታኦን ጠየቅኋት። «ሹፌሩ ሲያወራ እንደሰማሁት፣ ጸሐፊዎች ካገኙት ብቻ ሳይሆን ከቀረባቸውም ይጽፋሉ» አለችኝ። ይሄ ገባኝ። ለምን እንዲህ ብለው ከመጀመሪያው አይነግሩም?

ያ የመጽሐፉ ሰውዬ ከእኔ ልቡ የላላ ነው። መጋዝ አያያዙም አያምርም። ቢሆንም አልጠላሁትም። አንድ ቀን በደጄ ቢያልፍ አስገብቼ ሶጁ እቀዳለት ነበር፤ ቅርንጫፍ ላይ እንዴት እንደሚቆምም አሳየው ነበር።

ስለዚህ አሁን የምልሽን ስሚ። መሳቢያውን ክፈቺ። የወንድምሽን ቁጣ የፈራሽ እንደሆነ፣ ቁጣዬ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቁጣ ነው፣ ከምሳ በኋላ ይተኛል። ልትገድዪኝ ካሻሽም ግደዪኝ፣ ፈቅጃለሁ፣ ታኦ ምስክር ናት። ከዛፍ ግን አትጣዪኝ፤ ከዛፍ የወደቀው የላይ ሰፈሩ ባክ ነው እንጂ እኔ ወድቄ አላውቅም። ከፈለግሽ ማዕበል ላይ አድርጊው፣ ሰውም ይየኝ። ኮኩን ግን እንዳትነኪው። እዚያ እኔም ዶማዬን ይዤ አልደርስበትም፤ ይብቀል። የእናታችን መታሰቢያ በስድስተኛው ጨረቃ አጋማሽ ነው፤ ትመጫለሽ። ገበታው ላይ ዓሣውን የምትደረድሪው አንቺ ነሽ፤ ታኦ ጭንቅላቱን ወደ የት እንደምታዞር ዛሬም ይምታታባታል። ስትመጪ የጀመርሽውን ይዘሽ ነይ። ስንቅሽ ውስጥ ግን አንዲት ኮክ እንዳላይ።

አማቼን ጉን ሰላም በይልኝ፣ ድስቱን ይተው። ልጅሽን ዳ-ኡንን ሰላም በይልኝ፤ ያ የምትጠብቀው ፈተና ባይቀናት እንኳ እዚህ የሚለቀም ሽንኩርት አለ በያት፣ አትፍራ። ግዋንግ-ሆ ከባሕር፣ ቦ-ራ ከነወላቃ ጥርሷ እጅ ነስተውሻል። የሊቀመንበሩ ሚስት ሰላም ብላሻለች፤ ወጣት ሳለች ወገቧ ቀጭን እንደነበር ማስታወሻ ይያዝልኝ ብላለች። ዱ-ማንም ጠይቆሻል፤ የሚገባበት ቦታ ካለ ከነሙሉ ጥርሱ ይሁን ይላል።

ናምሄ ደሴት፣ ሶልጌ መንደር፤ በዘንዶው ዓመት፣ በአምስተኛው ጨረቃ መጨረሻ።

በይ ታኦ፣ ብዕሩን አስቀምጪና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ፣ ቀስ ብለሽ። ያላልኩትን ጨምረሽ ከሆነ እሰማዋለሁ። ደግ ነገር ከሆነ ተዪው።