ለጺም የተላከው ጥቁር ቀለም

ልጄ ሊባን፣ የአላህ ሰላም እዚያ ብርድ አገር ድረስ ይድረስህ። እናትህ ደህና ናት፤ ግመሎቹም ወልደዋል። አጎትህ ጉሌድ ግን ሞቷል።

የላክህልኝን የጺም ቀለም፣ «አላህ የሰጠኝን ሽበት አልደብቅም» ብዬ ለታናሼ ለጉሌድ ሰጠሁት። ተቀብቶ፣ «ዋርሳሜ፣ እንግዲህ አባቴ ትመስላለህ» እያለ ሲያሾፍብኝ ሰነበተ።

ሰኞ ዕለት በውሃ ጉድጓዱ ሰበብ ከጎረቤት ጎሳ ጋር ተኩስ ተከፈተ። ስድስት ሰው ወደቀ። እኔና ጉሌድ ልናስታርቅ መሃል ገባን። በሽማግሌ ላይ ብረት እንደማይነሣ ታውቃለህ። እኔን አለፉኝ፤ እሱን ደረቱን መቱት።

የተኮሰው የዚያኛው ጎሳ ወጣት ሮጦ መጣና የጉሌድን የተሸበሸበ ፊት ሲያይ ጠመንጃውን ጣለ።

«አጎቴ፣ ጎልማሳ መስለኸኝ ነው» አለ።

«አሁን ወሬ አያድነውም፤ እጅህን ቁስሉ ላይ ጫን» አልኩት።

ጫነ፤ ደሙ ግን በጣቶቹ መሃል ፈስሶ አለቀ። ይህን ሲያዩ ሁለቱም ወገኖች መተኮሳቸውን አቆሙ።

ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ ቀለሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። የጉሌድ ልጆች ወጣቱን እንግደል ይላሉ። ነገ ከዛፉ ሥር ለፍርድ ስንቀመጥ፣ በዚህ ነጭ ጺሜ ፊታቸው ቆሜ «መጀመሪያ እኔን» እላቸዋለሁ። ሽማግሌ ላይ እጃቸውን አያነሡም።

ሁለተኛ ቀለም አትላክልኝ። ያንተም ራስ ሲሸብት ሽበቱን አትንቀለው። አላህ ለዚያ ያድርስህ።

አባትህ ዋርሳሜ